ደርሶ መልስ፦ የመኪናን የኤሌክትሪክ ብልሽት በቤት ደጃፍ መመርመር

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ ብርዳማ ማለዳ፣ ልጆቼን ትምህርት ቤት ላደርስ ቁልፉን ባዞር አሮጌዋ ኮሮላዬ አንዴ «ቀጭ» ብላ ዝም አለች። ባትሪው ሞቷል ተባልኩ፤ አዲስ ገዛሁ። ሦስት ሳምንት ያህል ደህና ሠራችና ያው «ቀጭ» ተመለሰ። አሁን ደግሞ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ደክሟል ተባልኩ፤ እሱም ተፈቶ ተሠራ። ወር ሳይሞላ እንደገና ቆመች። ጥፋቱ በመጨረሻ የተገኘው ማንም ገንዘብ ባላወጣበት ቦታ ነበር። ከባትሪው ወደ መኪናዋ አካል የሚወርደው ጥቁር ሽቦ ጫፉን አረንጓዴ ዝገት በልቶት፣ ብሎኑም ላልቶ ኖሯል። በብርጭቆ ወረቀት ጠርጌ አጠበቅሁት፤ በዚያው አለቀ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ሰው አልለካም፤ እኔም ጭምር። ገመትን፣ ቀየርን፣ ከፈልን። አዲሱ ባትሪ ጉልበቱ ሙሉ ስለነበር የተጎዳውን ሽቦ ለጥቂት ሳምንታት ተቋቋመው። ሞተሪኖው ሲፈታና ሲገጠምም ሽቦዎቹ ተነካክተው ለጊዜው ሻል አላቸው። ያ መሻል መድኃኒቱን ያገኘን አስመሰለን። ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ ይዣለሁ፦ ሳልለካ አልቀይርም። ይህን ሕግ ለመከተል መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። አንድ ርካሽ መልቲሜትር፣ ጥቂት ትዕግሥትና ኤሌክትሪክ በመኪና ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ማወቅ ይበቃል።

ጉዞው ደርሶ መልስ ነው

በየግቢያችን ከፍ ብሎ የተቀመጠውን ሮቶ ያስቡ። ሮቶው ከፍ ባለ ቁጥር ውኃው በቧንቧው የሚገፋበት ኃይል ይበረታል። ይህ ግፊት በኤሌክትሪክ ቋንቋ ቮልት ነው። በቧንቧው ውስጥ የሚፈሰው የውኃ መጠን አምፔር ነው። ቧንቧው ሲጠብ ወይም ቆሻሻ ሲይዝ የሚገጥመው እንቅፋት ደግሞ በኦም ይለካል።

አሁን አንድ ሰው የውኃ ጎማውን መሃል ላይ በእግሩ ረግጦት ቆሟል እንበል። የጎማው ጫፍ ተዘግቶ ሳለ ግፊቱን ቢለኩ ሙሉ ሆኖ ያገኙታል፤ የተረገጠ ነገር ያለ አይመስልም። ጫፉን ሲከፍቱት ግን ውኃው ይንጠባጠባል። ይህን ምስል ይያዙት፤ የመኪና ኤሌክትሪክ ምርመራ ዋናው ቁም ነገር እዚህ ውስጥ አለ። ደካማ መገናኛ የሚጋለጠው ሥራ ሲበዛበት ብቻ ነው።

ኤሌክትሪክ ከውኃ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ውኃ ከቧንቧው ወጥቶ ባልዲ ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ ኤሌክትሪክ ግን ወደተነሳበት ካልተመለሰ ከነጭራሹ አይነሳም። ከባትሪው ፖዘቲቭ ወጥቶ በፊውዝ፣ በማብሪያና በሪሌ አልፎ አምፖሉ ወይም ሞተሪኖው ዘንድ ይደርሳል። ሥራውን ሠርቶ ደግሞ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ነጋቲቩ ይመለሳል። ይህን የብረት የመመለሻ መንገድ ባለሙያዎቻችን «ማሳ» ይሉታል፤ እንደ ፍሬቻና እንደ ሞተሪኖ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው። ብዙ ሰው መሄጃውን ብቻ ይመረምራል። እኔን ያከሰረኝ የመመለሻው መንገድ ነበር።

እጅ ከመንካቱ በፊት

የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ስለሆነ በእጅ ቢነኩት ነዝሮ አይጥልም። አደጋው ሌላ ነው። ውስጡ ያለው የሰልፈሪክ አሲድ ዓይንንና ቆዳን ይጎዳል። ቻርጅ ሲያደርግ የሚወጣው ሃይድሮጅን በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል። ፖዘቲቩን ከመኪናው ብረት ጋር ያገናኘ የብሎን መፍቻ ወይም የጣት ቀለበት ደግሞ በቅጽበት ግሎ ያቃጥላል። ስለዚህ ቀለበትና የእጅ ሰዓት ይውለቁ፤ ሲጋራና ክብሪት ይራቁ፤ ዓይን በመነጽር ይሸፈን።

ባትሪ ሲፈታ መጀመሪያ ነጋቲቩ ይፈታል፤ ሲታሰር ነጋቲቩ መጨረሻ ይታሰራል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ነጋቲቩ ከተፈታ የመመለሻው መንገድ ተቆርጧል፤ ፖዘቲቩን የሚፈታው ቁልፍ ብረት ቢነካም ምንም አይፈጠርም። ቢጫ ሽፋን ያላቸውን የኤርባግ ሽቦዎች አይነካኩ። መኪናዎ ሃይብሪድ ወይም ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ከሆነ ብርቱካናማዎቹ ኬብሎች በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሚይዙ ለሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ይተዉ።

መሣሪያው ብዙ አይደለም፦ መልቲሜትር፣ ባትሪ የሚፈታ ቁልፍ (ብዙ ጊዜ 10 ቁጥር ነው)፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የእጅ ባትሪ። የ21 ዋት የፍሬቻ አምፖል ሁለት ሽቦ ቢያያዝለት ጥሩ ረዳት ይሆናል፤ ምን እንደሚሠራ ኋላ እንደርስበታለን።

መጀመሪያ ያዳምጡ

መኪናዋ ስትታመም ትናገራለች። ቁልፉን ሲያዞሩ ዳሽቦርዱም ካልበራ፣ ክላክሱም ካልጮኸ፣ ባትሪው ጨርሶ ባዶ ነው ወይም አንዱ ማሰሪያ ተላቋል። ዳሽቦርዱ በርቶ ሞተሪኖው «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» እያለ በፍጥነት ከደጋገመ ባትሪው ደክሟል ወይም መገናኛው ኃይል አያሳልፍም። አንዲት ጠንካራ «ቀጭ» ብቻ ከሆነች ከባትሪውና ከመገናኛው በተጨማሪ ሞተሪኖው ራሱ ይጠረጠራል። ሞተሪኖው እንደ ልቡ እያሽከረከረ ሞተሩ ካልተነሳ ግን ባትሪውን ይተዉት፤ ችግሩ ነዳጅ ወይም የካንዴላ እሳት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ሙከራ አለ። የፊት መብራቱን አብርተው ቁልፉን ያዙሩ። መብራቱ ድርግም ብሎ ከጠፋ ኃይሉ እየተፈለገ በቂ አልተገኘም፤ ባትሪውንና መገናኛዎቹን ይመርምሩ። መብራቱ ቅንጣት ሳይደበዝዝ ሞተሪኖው ዝም ካለ ግን ኃይሉ ጨርሶ አልተጠራም፤ ያኔ የቁልፉ ማብሪያ፣ ሪሌው ወይም ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ቀጭን ሽቦ ይፈተሻል። አውቶማቲክ መኪና ከሆነ ማርሹ በትክክል «ፒ» ወይም «ኤን» ላይ መሆኑን ማየትም አይዘንጉ።

የባትሪው ቁጥሮች

መልቲሜትሩን ዲሲ 20 ቮልት ላይ ያድርጉ፤ ቀዩን ጫፍ በፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን በነጋቲቭ ተርሚናል ላይ ያሳርፉ። መኪናዋ አድራ ሳትነሳ መለካት ይመረጣል። አሁን ከመንገድ ገብታ ከሆነ ባትሪው ላይ የተንሳፈፈው ቻርጅ ስለሚያታልል የፊት መብራቱን አንድ ሁለት ደቂቃ አብርተው ያጥፉና ጥቂት ቆይተው ይለኩ።

12.6 ቮልት ካዩ ባትሪው ሙሉ ነው፤ ውስጡ ያሉት ስድስት ክፍሎች እያንዳንዳቸው 2.1 ቮልት እየሰጡ ነው። 12.4 ሲሆን ሦስት አራተኛ ገደማ፣ 12.2 ሲሆን ግማሽ ገደማ ይዟል። 12 እና ከዚያ በታች ከሆነ ደክሟል፤ ቻርጅ ሳይደረግ በቆየ ቁጥር ይጎዳል። 10.5 አካባቢ ቆሞ ቻርጅ ቢደረግም አልወጣ ካለ ግን ከስድስቱ ክፍሎች አንዱ ሳይሞት አልቀረም።

ነገር ግን የተረገጠውን የውኃ ጎማ ያስታውሱ። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ባትሪ 12.6 ስላሳየ ብቻ ጤነኛ አይባልም። አንድ ሰው ቁልፉን እንዲያዞርልዎ ያድርጉና በዚያች ቅጽበት ቁጥሩን ይመልከቱ። ከ10 ቮልት በላይ ከቆየ መልካም። ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ ሳለ ከ9.6 በታች ከወረደ ግን ባትሪው አርጅቷል፣ ወይም ሞተሪኖው ከሚገባው በላይ እየሳበ ነው። ብዙውን ጊዜ ባትሪን የሚያስረጀው እንደ ድሬዳዋና ሰመራ ያለው ሙቀት ሲሆን፣ እርጅናውን የሚያጋልጠው ደግሞ የደጋው ብርድ ማለዳ ነው። «ትናንት ደህና አልነበረች?» የሚያሰኘን ይኸው ነው።

የጠፋውን ቮልት ፍለጋ

አሁን ወደ ነገሩ ልብ ደረስን። ሞተሪኖ ሲነሳ 150 አምፔርና ከዚያም በላይ ሊስብ ይችላል። በመንገዱ ላይ አንድ የዛገ መገናኛ አለ እንበል፤ እንቅፋቱ የኦም መቶኛ፣ ማለትም 0.01 ኦም ብቻ ነው። 150 በ0.01 ሲባዛ 1.5 ቮልት ይሆናል። ያ ሁሉ ግፊት ዝገቱ ላይ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይቀራል ማለት ነው። ተራ መልቲሜትር 0.01 ኦምን ለይቶ ማንበብ አይችልም፤ ኦም ለክተው «ሽቦው ደህና ነው» ቢሉ ይሳሳታሉ። መኪናዋ ሥራ ላይ እያለች ቮልት ሲለኩ ግን ዝገቱ መደበቂያ ያጣል።

አለካኩ እንዲህ ነው። የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ማርሹ ገለልተኛ ይሁን። ጥቁሩን የመልቲሜትር ጫፍ በባትሪው ነጋቲቭ ተርሚናል ራሱ ላይ ያሳርፉ፤ ማሰሪያው ላይ አይደለም። ቀዩን ጫፍ ቀለም በሌለው የሞተሩ ብረት ላይ ይጫኑ። ቁልፉ እንዳልዞረ ዜሮ ያነባሉ። ረዳትዎ ቁልፉን ለሦስት አራት ሰከንድ ሲያዞር ቁጥሩን ይዩ። ከ0.2 ቮልት ካልበለጠ ማሳው ጤነኛ ነው። ግማሽ ቮልት ወይም አንድ ቮልት ካነበቡ ግን የጠፋውን አገኙት፤ በእነዚያ ሁለት ነጥቦች መካከል ተደብቋል። ቀዩን ጫፍ ደረጃ በደረጃ ያቅርቡ፦ ከሞተሩ ወደ መኪናው አካል፣ ከአካሉ ወደ ሽቦው ጫፍ፣ ከሽቦው ጫፍ ወደ ማሰሪያው። ቁጥሩ በድንገት የወደቀበትን ነጥብ ሲያገኙ ጥፋቱ አሁን በለኩትና ከዚያ ቀድሞ በለኩት ቦታ መካከል ነው።

የፖዘቲቩም ወገን በዚሁ መንገድ ይለካል፤ ቀዩ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ወፍራሙ ሽቦ በገባበት የሞተሪኖ ብሎን ላይ ሆኖ። በዚህ ወገን እስከ ግማሽ ቮልት ድረስ ይቻላል።

መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ ጽዳት ነው። ነጭና አረንጓዴ ጥርቅሙን አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ሞቅ ያለ ውኃ እያረጠቡ በጥርስ ብሩሽ ያጥቡት፤ ውኃው ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ ይጠንቀቁ። ከዚያ ብረቱ እስኪያብረቀርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው ማሰሪያውን በእጅ እስከማይነቃነቅ ያጥብቁ። ላዩን ቫዝሊን ቢቀቡት እርጥበቱን ያርቃል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ ተቻኩለው ያሰሩት ማሰሪያ መንገድ ላይ ይከዳል።

ማሳው የታመመ መኪና ሌላም ምልክት ያሳያል። ፍሬቻ ሲያበሩ የኋላው መብራት አብሮ ፈዘዝ እያለ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ወይም ፍሬን ሲረግጡ የማይገባው አምፖል ከበራ፣ አምፖል ለመግዛት አይሂዱ። ኃይሉ የሚመለስበት በር ተዘግቶበት በጎረቤቱ አምፖል በኩል መውጫ እየፈለገ ነው። የዚያን መብራት የማሳ ሽቦ ፈልገው ይጥረጉ።

ዲናሞው ይመልሳል ወይ?

ባትሪ ያበድራል፤ ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ይከፍላል። ሞተሩን አስነስተው በባትሪው ላይ ይለኩ። በብዙ መኪናዎች ከ13.8 እስከ 14.7 ቮልት መካከል ማንበብ አለብዎ። የፊት መብራትና የንፋስ ማራገቢያ ሲበሩም ከ13.5 በታች ባይወርድ ይመረጣል። ሞተሩ እየሠራ 12.3 ላይ ቆሞ እየቀነሰ ከሄደ ዲናሞው አይሞላም። ዲናሞውን ከማስፈታትዎ በፊት ቺንጋው አለመላላቱን፣ ከዲናሞው ጀርባ ያለው ወፍራም ሽቦም አለመዛጉን ይዩ። ከ15 ቮልት ካለፈ ደግሞ መቆጣጠሪያው ተበላሽቷል፤ ባትሪውን ያፈላዋል፣ አምፖሎችንም ያቃጥላል።

እዚህ ላይ ከልቤ የማሳስበው ነገር አለ። «ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ማሰሪያ ንቀል፤ ካልጠፋች ዲናሞው ደህና ነው» የሚል የቆየ ልማድ በየጋራዡ ይታያል። በድሮ መኪና ላይ ብዙም ጉዳት ላያደርስ ይችል ይሆናል። በዛሬዎቹ ላይ ግን ባትሪው በድንገት ሲላቀቅ ዲናሞው ለቅጽበት እጅግ ከፍ ያለ ቮልት ይረጫል፤ ውድ የሆነው የመኪናው ኮምፒውተርም ሊቃጠል ይችላል። መልቲሜትር ያንኑ መልስ ያለ አደጋ ይሰጣል። ማንም በመኪናዎ ላይ እንዲህ እንዲያደርግ አይፍቀዱ።

ሌሊት የሚሰርቀው

ባትሪው ጤነኛ፣ ዲናሞው ጤነኛ፣ መኪናዋ ግን ሁለት ቀን ስትቆም የማትነሳ ከሆነ አንድ ነገር ሌሊት ሌሊት ይስባል። ሰዓቱ፣ አላርሙና ኮምፒውተሩ ጥቂት መሳባቸው ያለ ነገር ነው፤ እስከ 50 ሚሊአምፔር ድረስ ይታለፋል። ሒሳቡን እንየው። 50 ሚሊአምፔር በ24 ሰዓት 1.2 አምፔር-ሰዓት ይወስዳል፤ 45 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ይህን ለሳምንታት ይችላል። ግማሽ አምፔር ከሆነ ግን በቀን 12 ይሄዳል፤ በሁለት ቀን ከግማሽ በላይ አለቀ ማለት ነው።

ሌባውን ለመያዝ ቁልፉን አውጥተው በሮቹን ይዝጉ፤ ኮፈኑ ክፍት ይቆይ። የነጋቲቩን ማሰሪያ ፈትተው መልቲሜትሩን በ10 አምፔር ቀዳዳው አድርገው በማሰሪያውና በተርሚናሉ መካከል ያስገቡት። ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ ነው። በዚህ ጊዜ ቁልፉን ማዞር ወይም መኪናውን ለማስነሳት መሞከር የመልቲሜትሩን ፊውዝ ያቃጥላል። ቁጥሩ ከፍ እንዳለ ከቀረ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ይመልሱ፤ ቁጥሩን የጣለው ፊውዝ የሌባውን ቤት ያሳያል። ብዙ ጊዜ የሚያዙት ኋላ የተጨመሩት ዕቃዎች ናቸው፦ አላርም፣ ጂፒኤስ፣ ቴፕ። የሻንጣው መብራት አለመጥፋቱንም ይዩ።

ፊውዝ የሞተው ለእርስዎ ነው

ፊውዝ ሽቦው ሳይቃጠል ራሱ እንዲቃጠል የተሠራ ነው። በብዙዎቹ መኪናዎች ላይ ቀዩ 10፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20፣ አረንጓዴው 30 አምፔር ነው። በ10 ቦታ 20 ማስገባት ወይም በሽቦና በሲጋራ ወረቀት ማያያዝ መኪናን በእሳት ሊያሳጣ ይችላል፤ ፊውዙ እምቢ ያለውን ሙቀት የሚሸከመው ወንበር ሥር ያለው ሽቦ ይሆናል።

አዲስ ያስገቡት ፊውዝ ወዲያው ከተቃጠለ ሌላ አይጨምሩ። ያቺን 21 ዋት አምፖል በፊውዙ ቦታ ያገናኟት። አምፖሏ ከ2 አምፔር ያነሰ ብቻ ስለምታሳልፍ ሽቦው አይጎዳም። ደምቃ ከበራች ከዚያ ወዲያ ያለው ሽቦ አንድ ቦታ ብረት ነክቷል። ሽቦውን በበር ማጠፊያው፣ በሻንጣው ክዳንና በወንበሩ ሥር እየነቀነቁ ይሂዱ፤ አምፖሏ የጠፋችበት ወይም የፈዘዘችበት ቦታ ቁስሉ ያለበት ነው።

ጤነኛ ሳለች ይለኩ

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን በ2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየሰፈራችን እየበዛ ነው። በአብዛኞቹ ውስጥም ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አለች። እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆን እንኳ መኪናው አይነቃም። ስለ ዛገ ማሰሪያ ያልነው ለእነሱም ይሠራል።

ከባለሙያ ጋር መጣላት የዚህ ሁሉ ዓላማ አይደለም። የኮምፒውተር ስህተት፣ የኤርባግ መብራት፣ የሞተሪኖና የዲናሞ ውስጥ ጥገና የባለሙያ ነው። ነገር ግን «አልነሳ አለች» ብሎ የሄደ ሰውና «ባትሪው 12.6 ነው፤ ሲነሳ ማሳው ላይ አንድ ቮልት ይጠፋል» ብሎ የሄደ ሰው አንድ ዓይነት አገልግሎት አያገኙም። ሁለተኛው ሲመጣ ጥሩ ባለሙያ ሥራው ይቀልለታል፤ ገማች ባለሙያም ለመገመት ያፍራል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ መኪናዋ ምንም ሳይነካት፣ አራት ቁጥር ይለኩ፦ አድራ ሳትነሳ፣ ስትነሳ፣ ተነስታ ስትሠራ፣ እና ስትነሳ ማሳው ላይ የሚጠፋውን። ከቀኑ ጋር በወረቀት ጽፈው በዕቃ ማስቀመጫው ሳጥን ውስጥ ያኑሩት። የእኔ ወረቀት ዛሬ እዚያው አለ፤ አራተኛው ቁጥር 0.08 ይላል። ያቺ «ቀጭ» በተሰማችበት ማለዳ ይህ ወረቀት ቢኖረኝ ኖሮ፣ ባትሪውንም ሞተሪኖውንም ሳልነካ በብርጭቆ ወረቀት ብቻ ጨርሼ ልጆቼን ሳይረፍድባቸው አደርሳቸው ነበር።